የተተከለ ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋል

ለሕዝብ የተሠራ ሥራ ጥቅሙ የሚመዘነው በተፈጸመበት ቀን ሳይሆን ሠሪዎቹ ካለፉ በኋላ ነው። በአሜሪካ አገር፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ ንግድ ስለ ወደቀ እጅግ ብዙ ሕዝብ ሥራ አጥቶ ነበር፤ በመካከለኛውም ሜዳ ድርቅና ነፋስ ተባብረው የእርሻውን አፈር እንደ ጢስ አነሡት። ስለዚህ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በ1933 ዓ.ም. ሥራ ያጡትን ወጣቶች አሰብስበው ዛፍ እንዲተክሉ፥ ጐርፍ የሚሸረሽረውንም መሬት እንዲያጸኑ አደረጉ። ለያንዳንዱ በወር 30 ዶላር ይታሰብለት ነበር፤ ከዚህም 25ቱ ለቤተ ሰቡ ይላካል። እስከ 1942 ዓ.ም. ድረስ 3 ሚሊዮን የሚያህሉ ወጣቶች 3 ቢሊዮን ያህል ዛፍ ተከሉ።

በሌላም ሥራ ከ1935 እስከ 1942 ዓ.ም. ከካናዳ ወሰን እስከ ቴክሳስ ድረስ በየእርሻው ዳር ነፋስ የሚያግድ 220 ሚሊዮን ያህል ዛፍ በረድፍ ተተከለ። ችግኙን የሰጠ መንግሥት ሲሆን፥ መሬቱን የሰጠና የኰተኰተ ገበሬው ነው። ከዚህም ዛፍ ዛሬም ቆሞ እርሻ የሚጠብቅ አለ፤ ነገር ግን የአባቱን መከራ ያላየ ልጅ ለትልልቅ የእርሻ መኪናና ለመስኖ ቦታ ሲል የቈረጠው ጥቂት አይደለም።

እንግዲህ በሕዝብ ጉልበት እርከን የሚያሠራና ችግኝ የሚያስተክል ሹም ይህን ሊያስብበት ይገባል። የተተከለውን ቈጥሮ ማስታወቅ የሥራው እኩሌታ ብቻ ነው። ጠባቂው ማን እንደ ሆነ፥ ሣሩና እንጨቱም ለማን እንደሚሆን አስቀድሞ ከባላገሩ ጋር ተስማምቶ በጽሑፍ ያላጸና ሹም፥ ያስተከለው ለፍየል ነው።