ነፋሱስ አለ፤ ዋናተኛው የታለ?

ዛንዚባር ደርሶ መመለስ የአዲስ አበባ ልጆች ወግ ሆኗል። የሠርግ ማግስት ዛንዚባር፣ ቦነስ ሲገኝ ዛንዚባር። ፎቶዎቹን አይታችኋል፤ አሸዋው ነጭ፣ ውኃው ሰማያዊ፣ ከኋላ ደግሞ ሰማዩን የሞሉት ባለቀለም ካይቶች። ፎቶው ላይ ያለው ወዳጃችን ግን ካይቱን አይነካትም፤ ከፊቷ ቆሞ ይነሣል እንጂ። (የኔዎቹን ወዳጆች ማለቴ ነው፤ የናንተዎቹ ጎበዞች ሊሆኑ ይችላሉ።)

ካይትሰርፊንግ የሚባለው ነገር እንዲህ ነው። እግር ሰሌዳ ላይ ይቆማል፣ ወገብ በሰፊ ቀበቶ ከካይቷ ገመድ ጋር ይያያዛል፣ የቀረውን ነፋስ ይሠራዋል። ልጆች ሜዳ ላይ ከሚያበሩት ካይት ጋር በስም ነው የሚገናኘው። ይሄኛው 9 ወይም 12 ካሬ ሜትር ስፋት አለው፤ ሰውን ከውኃ ላይ ነቅሎ ያነሣል። በ2016 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ተሰጥቶበታል። ፓጄ የተባለው የዛንዚባር ዳርቻም ለዚህ ጨዋታ የተመረጠው በውበቱ ብቻ አይደለም። ከፊቱ ያለው የኮራል ግንብ ትልቁን ማዕበል ይሰብርለታል። ውኃው ብዙ ቦታ ከወገብ አያልፍም፤ የወደቀ ጀማሪ ተነሥቶ ይቆማል። ነፋሱ ደግሞ በየዓመቱ ሁለት ጊዜ፣ በበጋችንና በክረምታችን፣ ቀጠሮ አክባሪ ነው።

አሁን አሰላ ልውሰዳችሁ። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ ስምጥ ሸለቆውን ቁልቁል ታያለች። ሰማዩ ሲጠራ ዝዋይ ሐይቅ ከታች ተዘርግቶ ይታያል። ደሴትም አለው፣ ያውም ቱሉ ጉዶን የመሰለ ገዳም ያለበት ደሴት። ትንሽ ወደ ደቡብ ወረድ ሲሉ ላንጋኖ አለ፤ ምሥራቃዊ ዳርቻው የአርሲ ነው። ነፋስስ? ነፋስማ ሞልቷል! ጠዋት ሐይቁ መስታወት ነው። ፀሐይ ስትበረታ መሬቱ ከውኃው ቀድሞ ይሞቃል፣ የተራሮቹ ተዳፋት ይሞቃል፣ አየር ወደ ላይ ይሳባል፣ ከሰዓት በኋላ ውኃው መናጥ ይጀምራል። ዝዋይ ላይ በጀልባ የሚሻገር ሰው በጠዋት ተነሣ የሚባለው ወዶ አይደለም። ማስረጃ ለሚሻ ደግሞ ኢተያ አለችለት። በአዳማና በአሰላ መካከል በምትገኘው በዚህች ከተማ አካባቢ በ29 ተርባይኖች 100 ሜጋዋት ለማመንጨት ውል የተፈረመው በ2013 ዓ.ም. ነው። ዴንማርኮች ገንዘባቸውን ነፋስ በሌለበት አያፈሱም።

እንግዲህ ሐይቅ አለ፣ ነፋስ አለ፤ ላንጋኖን ዛንዚባር እናድርገው የሚል ሰው አይጠፋም። ቀስ በሉ ባይ ነኝ።

የመጀመሪያው ነገር ከፍታው ነው። ላንጋኖ 1,585 ሜትር ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል በ15 በመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ደራርቱንና ኃይሌን ለዓለም የሰጠው ስስ አየር ለካይት አይመችም፤ ካይት ሳንባ የላትም፣ ልምምድም አታውቅም። ፓጄ ላይ በ9 ካሬ ሜትር የሚንሸራተት ሰው እዚህ 10 ተኩል ያህል ያስፈልገዋል። ይህ እንኳ በገንዘብ የሚፈታ ነው፣ ሰፋ ያለ ካይት መግዛት ነው።

የማይገዛው የነፋሱ አቅጣጫ ነው። ለጀማሪ የሚሻለው ዳርቻውን ታክኮ ጎን ለጎን የሚነፍሰው ነው። በበጋ ስምጥ ሸለቆው ላይ የሚበረታው ነፋስ ግን በአብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ይመጣል። በአርሲ በኩል ዳርቻ ላይ ለቆመ ሰው ይህ ነፋስ ከጀርባው ተነሥቶ ወደ ውኃው ይገፋዋል። ላንጋኖ ወደ ጎን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጥልቀቱም እስከ 47 ሜትር ይደርሳል። መሐል ላይ ካይቷ ከወደቀችበት እንደ ፓጄ ተነሥቶ መቆም የለም። ቡናማው ውኃ ውስጥ የሰጠመን ሰው ደግሞ ከላይ ሆኖ ማየት አይቻልም። ቢልሃርዚያ የለበትም የሚለውን መልካም ስሙን ሁሉም ያውቀዋል፤ ይሄኛውን ጠባዩን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

ታዲያ ማን ያወጣዋል? ካይት ይቅርና ዋና የሚችል ስንት ሰው ነው በመካከላችን ያለው? ሐይቅ ዳር ተወልዶ ውኃ የሚፈራ ልጅ ብዙ ነው። ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም፤ ውኃ የበላውን ጓደኛውን ስለሚያውቅ ነው። በነሐሴ 2008 ዓ.ም. ሮቤል ኪሮስ ሪዮ ላይ 100 ሜትር በ1:04.95 ዋኝቶ ከ59 ተወዳዳሪዎች 59ኛ ሲወጣ ምን እንዳደረግን ታስታውሳላችሁ? ሳቅን። ዓለም በሰውነቱ ሳቀ፣ እኛም ጨመርንበት። ስለ አመራረጡ የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ነበር። ከዚያ ቀጥሎ መምጣት የነበረበት ጥያቄ ግን ሳይነሣ ቀረ፤ ልጆቻችን ዋና የሚማሩት የት ነው? ክፍያ የማይጠይቅ ገንዳ ካያችሁ ጠቁሙኝ።

ሌላም አለ። ላንጋኖ ዳር ጥሩ ጥሩው አሸዋ በአብዛኛው ከአጥር ጀርባ ነው። በመስከረም 2009 ዓ.ም. በዚያው በምሥራቅ ዳርቻ ቢሻንጋሪ ሎጅ ሲቃጠል ሁላችንም ደነገጥን። ማቃጠሉን አልደግፍም፤ ብዙ ሰው እንጀራውን አጥቷል። ነገር ግን ከብቱን ውኃ የሚያጠጣው የአካባቢው ልጅ ሐይቁን ከአጥር ውጭ ሆኖ ብቻ እንዲያየው እያደረግን፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጣ እንግዳ ደግሞ ካይት ብንዘረጋ፣ ያንን ልጅ ምን ልንለው ነው? ገመድ ያዝልን? እንግዳው መሐል ሐይቅ ላይ ሲወድቅስ፣ ዋና ያልተማረው ልጅ ገብቶ ያውጣልን?

እኔ ብጠየቅ ቅደም ተከተሉን እገለብጠዋለሁ። መጀመሪያ ለማንም የማይዘጋ ዳርቻ፣ ቢያንስ መቶ ሜትር። ከዚያ ላይፍ ጃኬት፣ ሞተሩ የሚነሣ የነፍስ አድን ጀልባ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው የዚያው ቀበሌ ወጣቶች። አሰላ የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ያለባት ከተማ ናት፤ ልጅን ከገጠር አምጥቶ በሥርዓት ማሠልጠንን አርሲ ከማንም መማር አያስፈልጋትም። ያንኑ ልምድ ቁልቁል ወደ ውኃው ማውረድ ነው። ካይቷ ከዚያ በኋላ ትምጣ፤ አስተማሪዎቹም እነዚያው ልጆች ይሁኑ።

ሐይቁ ራሱ ፕሮግራሙን አውጥቶታል። ከማለዳው 12 ሰዓት ጀምሮ ነፋሱ እስኪነሣ ድረስ ውኃው ጸጥ ይላል፣ ልጅ ዋና ለማስተማር ይበቃል። ካይት የሚያምረው ከሰዓት በኋላ ነው።