የስደተኛው የአእምሮ ውጤትም የሕግ ጥበቃ አለው

በሰሜን ጎንደር ዞን ዳባት ወረዳ በሚገኘው የአለምዋጭ የስደተኞች መጠለያ፣ በ2014 ዓ.ም በትግራይ ክልል ከነበሩት የማይ ዓይኒና የዓዲ ሓሩሽ መጠለያዎች የመጡ ኤርትራውያን እንዲሰፍሩ መደረጉ ይታወቃል። ስደተኛ ቤትና ንብረቱን ጥሎ ቢሰደድም ሙያውንና ዕውቀቱን ይዞ ይመጣል። በመጠለያ ሳለ የጻፈው ግጥም ወይም የሣለው ሥዕል ያለፈቃዱ ተባዝቶ ቢሸጥ አቤቱታው ሊደመጥ የሚገባው በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት ነው።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ በ1969 የተቀበለችው የ1951ዱ የስደተኞች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 14፣ ስደተኛ መደበኛ መኖሪያው በሆነው አገር በኪነ ጥበብ፣ በፈጠራና በንግድ ምልክት ረገድ ከአገሬው ዜጋ እኩል ጥበቃ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በሌሎች አንቀጾች ላይ ተዓቅቦ ብታደርግም በዚህኛው ላይ አላደረገችም። ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውንም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 9 አስፍሯል።

የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ም ጥበቃውን በዜግነት ብቻ አልወሰነውም፤ መደበኛ መኖሪያቸው ኢትዮጵያ የሆነ ደራስያንን ጭምር ያካትታል። ሥራው ወጥ ከሆነና በጽሑፍ፣ በድምፅ ወይም በሌላ መንገድ ከተቀረጸ መብቱ ያለምዝገባ ይገኛል። በንግድ ምልክትና በፓተንት በኩል ግን መብት የሚገኘው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን በሚሰጠው የምስክር ወረቀት ነው።

ስለዚህ ችግሩ ከሕጉ መኖር ይልቅ ከማስረጃው ላይ ያርፋል። አመልካቹ መደበኛ መኖሪያውን የሚያስረዳው በስደተኝነት ሰነዱ በመሆኑ፣ በተለይ ጉዳዩ ገና ውሳኔ ላላገኘ ጥገኝነት ጠያቂ የምዝገባው ጥራት ወሳኝ ነው። የትውልድ አገሩን ኤምባሲ ማረጋገጫ እንዲያመጣ መጠየቅም ከሸሸው መንግሥት ደጅ መልሶ እንደማቆም ይቆጠራል።

በመሆኑም የወረዳና የዞን የፍትሕ፣ የንግድና የባህል ጽሕፈት ቤቶች እንዲህ ያለ አቤቱታ ሲቀርብላቸው "የውጭ ዜጋ ነው" ብለው ከመመለሳቸው በፊት ድንጋጌዎቹን ማገናዘብ ይጠበቅባቸዋል። ስደተኛው በሥራው ፍሬ ሲጠቀም ከእርዳታ ጠባቂነት ይላቀቃል፤ የተቀበለው ኅብረተሰብም የጥቅሙ ተካፋይ ይሆናል።