ስዊቹ ሲነሣ የሚታዘዘው ለማን ነው?

የንግድ ሥራ የቆመው በመታመን ላይ ነው። ነጋዴ ለማያውቀው ሰው የመጋዘኑን ቁልፍ አይሰጥም፤ ማኅተምና ፊርማ የሌለውንም የክፍያ ትእዛዝ አይቀበልም። ይህን ጥንቃቄ ለዕቃውና ለገንዘቡ የሚያደርግ ሰው፣ በግድግዳው ላይ ለተሰቀለው ትንሽ ሣጥን ሳያደርግ መቅረቱ የሚያሳስብ ነገር ነው።

በኮልፌ ቀራንዮ፣ በአጠና ተራ፣ በአየር ጤናና በቤቴል ባሉት የንግድ ቤቶች ኮምፒዩተሩን፣ ማተሚያውንና የጥበቃ ካሜራውን የሚያገናኘው መሣሪያ ስዊች ይባላል። በትንሽ ሱቅ የሚገኘው ተራ ስዊች ገመድ ከመሰካት በቀር ሌላ ነገር አያሻውም። በትላልቅ ሕንፃዎች፣ በመጋዘኖችና ብዙ ቅርንጫፍ ባላቸው ድርጅቶች የሚገባው ግን የትኛው መስመር ለሒሳብ ክፍል፣ የትኛው ለእንግዳ እንደ ሆነ የሚወስን የሥራ ትእዛዝ ያስፈልገዋል። ባለሙያዎች ይህን ኮንፊግሬሽን ይሉታል።

ቀድሞ ይህን ትእዛዝ ባለሙያ በእጁ ያስገባ ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ ስዊቾች ከካርቶን ወጥተው ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ትእዛዛቸውን ራሳቸው ይፈልጋሉ። አሠራሩም እንዲህ ነው። ስዊቹ በቋሚ ማስታወሻው ውስጥ ትእዛዝ ካላገኘ በመስመሩ ላይ ጥሪ ያሰማል። ዲ.ኤች.ሲ.ፒ. በተባለው ሥርዓት የሚመልስለት ኮምፒዩተር አድራሻ ይሰጠዋል፤ የትእዛዙ ፋይል ያለበትንም ስፍራ ያመለክተዋል፤ ስዊቹም ፋይሉን አምጥቶ ሥራውን ይጀምራል። ጥቅሙ የሚካድ አይደለም። በጅማና በደሴ ቅርንጫፍ ያለው ነጋዴ ባለሙያ መላክ ሳያስፈልገው፣ የሱቁ ሠራተኛ ገመዱን ቢሰካ ይበቃል፤ የጉዞ ወጪና የውሎ አበልም ይድናል።

ነገር ግን ስዊቹ የመለሰለት ማን እንደ ሆነ አይጠይቅም። ፋይሉን ለማምጣት በብዙ ቦታ የሚሠራበት ቲ.ኤፍ.ቲ.ፒ. የተባለው አሮጌ ዘዴ የይለፍ ቃል የለውም። በዚያው መስመር የተሰካ ሌላ ኮምፒዩተር ቀድሞ ቢመልስ ስዊቹ ለእርሱ ይታዘዛል። የመብራት መቋረጥም ነገሩን ያባብሰዋል፤ ባለሙያው ትእዛዙን በቋሚው ማስታወሻ ሳያስቀምጥ ከሄደ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ስዊቹ ባዶውን ተነሥቶ እንደ ገና ጥሪ ያሰማልና።

ይህ ባዶ ሥጋት አይደለም። ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ስማርት ኢንስቶል ብሎ የሠራው የዚህ ዓይነት ዘዴ ለክፉ ሥራ ሊውል እንደሚችል በ2009 ዓ.ም. ተነግሮ ነበር። መጋቢት 28 ቀን 2010 ዓ.ም. አጥቂዎች በዚሁ በር ገብተው በኢራንና በሌሎች አገሮች የነበሩትን ስዊቾች ትእዛዝ ደመሰሱ። የኢራን መንግሥት በዓለም ወደ 200,000፣ በአገሩ ደግሞ 3,500 ያህል ስዊቾች መጐዳታቸውን አስታወቀ። የሚያሳዝነው፣ ዘዴው ከፋብሪካ ሲወጣ ክፍት ስለ ነበረ፣ ከማያስፈልጋቸው ሰዎች ዘንድ እንኳ ሳይዘጋ መቆየቱ ነው።

እንግዲህ አስመጪው ዋጋና ዋስትና ብቻ ጠይቆ ሊያበቃ አይገባውም። ስዊቹ የተፈረመበትን ትእዛዝ ብቻ የሚቀበልበት ደንብ በ2011 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የኢንተርኔት መሐንዲሶች ማኅበር ታትሟል። ዕቃው ይህን የሚያሟላ መሆኑ በፕሮፎርማው ላይ ይጻፍ ማለት ብዙ ወጪ የማይጠይቅ አስተዋይነት ነው።

ባለሱቁም ለባለሙያው ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ነገር ሊያረጋግጥ ይገባዋል፤ ትእዛዙ በቋሚው ማስታወሻ መቀመጡን፣ ራስ በራስ የሚቀበልበት በር መዘጋቱን፣ የትእዛዙ ቅጅና የይለፍ ቃሉ በራሱ ካዝና መግባቱን። መሰናዶው ትክክል መሆኑን ለማየትም ባለሙያው ሳይሄድ ስዊቹን አጥፍቶ ማብራት ይበቃል። መብራት ሲጠፋ ከሚመጣው ምስጢር ይልቅ፣ ባለሙያው ባለበት የሚገኘው ስሕተት ይሻላልና።