ክርስትና ከማስነሣት አስቀድሞ

ልጅ በተወለደበት ቤት ደስታውና ሥራው አብረው ይመጣሉ። ገንፎው ይገነፋል፤ ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ጥቂት ቀናት እንዳለፉም «ክርስትናው መቼ ነው? የሚያነሣውስ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ ይነሣል። ዛሬ በዚህ ዓምድ ልንገልጸው ያሰብነው፣ በካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ቁምስና ልጃቸውን ለማስጠመቅ የሚፈልጉ ወላጆች አስቀድመው ሊያውቁት የሚገባውን ነው።

ዝግጅት ሲባል ለብዙዎች የሚታያቸው ጠላው፣ እንጀራውና የሚታረደው በግ ነው። ድግስ ነውር አይደለም። ነገር ግን የድግሱ ገንዘብ እስኪገኝ እየተባለ ጥምቀቱ ከወር ወደ ወር ሲተላለፍ፣ ተከታዩ ነገር የዋናውን ቦታ ያዘ ማለት ነው። በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣው የላቲን ሥርዓት የቤተ ክርስቲያን ሕግ፣ ሕፃናት በተወለዱ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲጠመቁ፣ ወላጆችም ሳይዘገዩ፣ እንዲያውም ከመውለዳቸው በፊት፣ ወደ ቁምስናው ካህን እንዲሄዱ ያዛል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን መጠመቃቸው የታወቀ ስለ ሆነ፣ በዚህ ልማድ ያደጉ አያቶች ቀኑን ቢቆጥሩ አያስደንቅም። ወላጆች ከካህኑ ጋር ተመካክረው ቀኑን ቢወስኑና ለሽማግሌዎቻቸውም በአክብሮት ቢያስረዱ ቅሬታ አይኖርም።

ካህኑ ወላጆችን አስቀድሞ የሚጠራቸው ሊፈትናቸው አይደለም። ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ ይኸውም ቢያንስ ከወላጆች አንዱ መፍቀዱን፣ ሁለተኛም ልጁ በሃይማኖቱ እንደሚያድግ ተስፋ መኖሩን ነው። ይህ ተስፋ ጨርሶ ከሌለ ጥምቀቱ ሊዘገይ ይችላል፤ ምክንያቱም ለወላጆች ይነገራቸዋል። ይህን ሰምቶ «ልጄን ከለከሉኝ» ብሎ ተቈጥቶ የሚመለስ አባት አይጠፋም። ዳሩ ግን ሕፃኑ አፍ የለውም፤ ሰይጣንን የሚክዱትና እምነታቸውን የሚመሰክሩት ወላጆቹና የክርስትና ወላጆቹ ናቸው። ሰው ያልገባውን ቃል እንዳይገባ፣ የሚናገረውን አስቀድሞ ቢማር መልካም ነው።

አሁን ወደ ክርስትና አባትና እናት እንምጣ። «ክርስትና ማንሣት» የሚለው አነጋገር ሕፃኑን ከውኃው ተቀብሎ ማንሣትን ያመለክታል። ያነሣውም ሰው ለልጁ ወላጆች «አበልጅ» ይባላል፤ ዝምድናውም እንደ ሥጋ ዝምድና ይከበራል። የክርስትና አባት ወይም የክርስትና እናት አንድ ብቻ ቢሆን ይበቃል፤ ሁለት ከሆኑም አንድ ወንድና አንዲት ሴት ይሆናሉ። በላቲን ሥርዓት ሕግ ዕድሜው በመደበኛው 16 ዓመት የሞላው፣ ምሥጢረ ሜሮንንና ቅዱስ ቁርባንን የተቀበለ፣ ኑሮውም ከእምነቱ ጋር የሚስማማ ካቶሊካዊ መሆን ይገባዋል። የልጁ አባት ወይም እናት ይህን ኃላፊነት ሊይዙ አይችሉም። የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆነ ዘመድ ወይም ወዳጅ በበቂ ምክንያት ሲጠየቅ፣ ከካቶሊካዊ የክርስትና አባት ወይም እናት ጋር አብሮ ሊቆም ይችላል።

በመንግሥት ሥራ ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን በተለይ እንድታስተውሉ እናሳስባለን። አንዳንድ ወላጅ የክርስትና አባት የሚመርጠው የሰውየውን ወንበር አይቶ ነው። ባለሥልጣኑም ማሳዘኑን ፈርቶ እሺ ይላል፤ በዕለቱ ስጦታ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ዓይኑን አያየውም። እንዲህ ያለ አበልጅነት አንድ ቀን ጉዳይ ማስፈጸሚያ ይሆን ይሆናል እንጂ ለልጁ የሚጠቅመው የለም። ስለዚህ የተጠየቀ ሰው «ይህን ልጅ በጸሎትና በምክር ልከታተለው እችላለሁን?» ብሎ ራሱን ይጠይቅ። ካልቻለ አመስግኖ መተው ክብር ነው።

በኢትዮጵያ ያለችው ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን በግዕዝና በላቲን ሥርዓት ትጠቀማለች። በግዕዝ ሥርዓት ሕፃኑ ከጥምቀቱ ጋር ምሥጢረ ሜሮንንም ይቀበላል፤ በላቲን ሥርዓት ግን ሕፃን ሳለ የተጠመቀ ልጅ ይህን ምሥጢር የሚቀበለው ካደገ በኋላ ነው። የአባትና የእናት ሥርዓት የተለያየ እንደ ሆነ ለካህኑ አስቀድሞ መንገር ያስፈልጋል። እንዲሁም የልጁ የተወለደበት ቀንና ቦታ፣ የወላጆቹና የክርስትና ወላጆቹ ስም በመዝገብ ስለሚጻፍ ሁሉም ተጣርቶ ይቅረብ። ከዓመታት በኋላ ልጁ ሊያገባ ሲል የሚፈለገው ይኸው መዝገብ ነው።

በመጨረሻም ማንም ሊረሳው የማይገባ ነገር አለ። ሕፃኑ በጽኑ ታሞ ለሞት ቢያሰጋና ካህን ባይገኝ፣ እናቲቱም ሆነች አዋላጂቱ ወይም ሌላ ሰው፣ ቤተ ክርስቲያን የምታደርገውን ለማድረግ አስቦ በራሱ ላይ ውኃ እያፈሰሰ፣ የአብን፣ የወልድንና የመንፈስ ቅዱስን ስም ጠርቶ ሊያጠምቀው ይችላል። ልጁ ከዳነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተወስዶ የቀረው ሥርዓት ይፈጸምለታል፤ ጥምቀቱ ግን አይደገምም። ይህን አስቀድሞ የተማረ ወላጅ በጭንቅ ሰዓት የሚያደርገውን አያጣም።

እንግዲህ ልጅ የምትጠባበቁ ወላጆች ሆይ፣ በጉን ከመግዛታችሁ በፊት ካህኑን አነጋግሩ፤ የክርስትና አባቱንም ለልጃችሁ ስትሉ ምረጡ።