መቅዳት ብቻውን አይበቃም

የልጆቻችሁ ሰርግ፣ የአያት ድምፅ፣ ያገር ቤት ፎቶ አንድ አሮጌ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ከሆነ ሳይበላሽ ወደ ሌላ ዲስክ ቅዱት።

«በየትኛው ይፈጥናል?» ትሉኛላችሁ። ለጥቂት ትልልቅ ቪዲዮዎች የተለመደው የዊንዶውስ መቅጃ ይበቃል። ፎቶው በሺህ ሲቆጠር ግን ያዘግማል፤ እያንዳንዱን ፋይል ለየብቻ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ሮቦኮፒ 8 ፋይል ባንድ ጊዜ እንዲቀዳ ሊታዘዝ ይችላል፤ ተቋርጦ እንደገና ቢጀመር የተቀዳውን ያልፈዋል። ትዕዛዙን ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። ቴራኮፒ ደግሞ ካዘዛችሁት ቅጂውን ከዋናው ያመሳክራል፤ ስለዚህ ይቆያል።

መሰኪያውንም እዩ። ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ ቢበዛ 480 ሜጋቢት፣ 3.0 ግን እስከ 5 ጊጋቢት ያሳልፋል። በጠባብ በር ማንም አይሮጥም።

ቄሱ አባቴ ጽሑፍ ሲገለብጥ፣ ከዋናው ጋር መስመር በመስመር ሳያስተያይ አይነሳም ነበር። እኔ ልጁ ግን የእሱን ድምፅ ወደ ዲስክ ኦን ኪ ቀድቼ፣ ቸኩዬ ዋናውን አጠፋሁት። ግማሹ አልከፈት አለ። ዛሬም ይቆጨኛል።

እናንተ ከማጥፋታችሁ በፊት ቅጂውን ከፍታችሁ ስሙት።