ከስግደቱ ጋር የሰው ቤት ጨምሩልን

እሑድ መፃጉዕ ነበር። 38 ዓመት በደዌ ተይዞ፣ ወደ መጠመቂያው የሚያወርደው ሰው ስላጣው በሽተኛ የሚነበበውን ወንጌል ሰምተን ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ጽዋ ማኅበራችን ሄድን። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሲቀዳ፣ አንዲት እናት የአንዲት አሮጊት አባላችንን ነገር አነሡ። ከወደቁ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም፤ ውኃ የሚቀዳላቸው እንኳ የለም። «እግዚአብሔር ይማራቸው» ተባለ። «በጸሎት እናስባቸው» ተባለ። ወዲያው የሚቀጥለውን ወር ጽዋ ማን እንደሚወስድ ወሬ ተጀመረ። የሴትየዋ ቤት ከተቀመጥንበት ሦስተኛው ግቢ ነው!

በዚህ ጉዳይ ስብከነከን የመጀመሪያዬ አይደለም። ጸሎትን አቃለልክ የሚሉኝም አይጠፉም። አላቃለልኩም። የጸለየ ሰው ተነሥቶ ይሂድ ነው የምለው።

እናታችን አበበች ጎበና ያደረጉት ይህንኑ ነው። በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወሎ ሲሄዱ አገሩን ረኃብ መትቶት ነበር። የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል እዚያው ለተራቡት አከፋፈሉ፤ ሁለት ሕፃናት ይዘውም አዲስ አበባ ገቡ። በዓመቱ ልጆቹ 21 ደረሱ። ትዳራቸው በዚህ ፈረሰ፤ ልጆቹን ግን አልተዉም፤ እንጀራና ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። እኛ ከግሸን ጠበል በጀሪካን ይዘን እንመለሳለን፤ እሳቸው ሰው ይዘው ተመለሱ።

ለንስሐ ራሳችንን ስንመረምርም ያው ነን። ሐሜታችንን፣ ቁጣችንን፣ የሻርነውን ጾም ለንስሐ አባታችን እንናገራለን፤ ስግደታችንን ተቀብለን እንወጣለን። ያልጠየቅነው በሽተኛ አይነሣም። የሠራተኛዋ ደመወዝማ ጭራሽ! አንድ ቤት አውቃለሁ፤ እመቤቲቱ ኪዳን አያመልጣቸውም፣ ዳዊታቸውን ሳይደግሙ እህል አይቀምሱም። በሌሊት ተነሥታ በሩን የምትከፍትላቸው ልጅ ግን ደመወዟን ካየች ሦስት ወር አልፏታል። ባለፈው ቤታቸው ስገባ ኩሽና ተቀምጣ ሽሮ እያማሰለች ታለቅሳለች። ምነው ስላት፣ እናቷ ታመው የምትልክላቸው ብር አጥታለች። ሳሎን ውስጥ ዕጣን ይጨሳል። ይህን ስጽፍ እንኳ ያንገበግበኛል።

አባቶቼ፣ እባካችሁ ቀኖና ስትሰጡን ከስግደቱ ጋር የሰው ቤት ጨምሩልን። «ሂድ፣ ለእገሊት ውኃ ቀድተህ ና» በሉን። «የልጅቷን ደመወዝ ከነውዝፉ ከፍለሽ ነይ» በሉን። ሳንፈጽም ከመጣንም አትፍቱን።