ስክሪኑ ሲናገር

የአያት ዓይን ሲደክም ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው የስልኩን ፊደል ማተለቅ ነው። ቀጥሎ የልጅ ልጆች ተራ ገብተው ማንበብ ይጀምራሉ፤ ከውጭ የመጣውን ኢሜይል፣ በኢንተርኔት የወጣውን ዜና፣ ከዘመድ የተላከውን መልእክት። ልጅ ደግሞ ይሰለቻል። አያትም ይገባቸውና «ተዉት፣ ይቅርብኝ» ይላሉ። ዕቃ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣው አሮጌ ላፕቶፕ ይህን የማንበብ ሥራ ያለ ክፍያ ሊሠራ እንደሚችል ብዙዎቻችን አናውቅም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ ደግሞ የጀመረው ከዓይን ሕክምና አይደለም፤ አንድ ኩባንያ ጓዝ ሲያጓጉዝ ነው።

ኮምፒውተር ስንከፍት የምናያቸው መስኮቶች፣ ምልክቶችና ዝርዝሮች በአንድነት ዴስክቶፕ ይባላሉ። ከሥራቸው ማሽኑን የሚያዘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም አለ። ዊንዶውስ ላይ ሁለቱ ተጣብቀው ስለሚመጡ አንድ ይመስሉናል። ዩኒክስ በሚባለው ቤተሰብ ግን ቤቱ ሌላ፣ የቤት ዕቃው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ሚጌል ዴ ኢካዛ እና ፌዴሪኮ ሜና የተባሉ ሁለት ወጣት ሜክሲኳውያን ግኖም የሚባል ዴስክቶፕ ጀመሩ። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም ሰው አንብቦ፣ አሻሽሎ በነፃ ይጠቀምበታል። በዚያው ዘመን ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሶላሪስ የሚባል የራሱ ዩኒክስ ነበረው፤ ሲዲኢ የተባለው ዴስክቶፑ ግን አርጅቶበታል። በ2000 ኩባንያው ግኖምን ወደ ሶላሪስ እንደሚያመጣ አስታወቀ።

ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሄዳ እንጀራ ለመጋገር የሞከረች ሴት ይህ ሥራ ምን ዓይነት እንደሆነ ከማንም በላይ ይገባታል። ጤፉ ያው ነው፣ እጇም ያው ነው። ውኃው፣ አየሩና ምጣዱ ግን ሌላ ሆኖ እንጀራው ዓይን አላወጣም ይላል። ግኖምም እንዲሁ ነበር። አብዛኞቹ ሠሪዎቹ ሊኑክስ ላይ ስለሚሠሩ፣ ሳያስቡት ኮዱን ለሊኑክስ ቤት ልክ አድርገው ሰፍተውታል። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው የሰን መሣሪያ እነሱ የለመዱትን አጻጻፍ ሁሉ አይቀበልም። ማሽኑ ምን ያህል እንደተጨናነቀ የሚያሳየው ፕሮግራም መረጃውን ሊኑክስ ላይ የሚያገኝበት ቦታ ሶላሪስ ላይ ሌላ መልክ አለው። የሰን ፕሮሰሰሮች ደግሞ ቁጥርን በማስታወሻ ውስጥ የሚደረድሩት ኢንቴል ከሚደረድርበት በተቃራኒ ነው። ይህን የዘነጋ ፕሮግራም ቀይና ሰማያዊን ሊያቀያይር፣ የሰውን ፊት ሰማያዊ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። መሐንዲሶቹ እንዲህ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያሳደዱ አስተካከሉ። በ2005 በወጣው ሶላሪስ 10 ላይ ግኖም ጀቫ ዴስክቶፕ ሲስተም የሚል ስም ተሰጥቶት ከነጓዙ ገብቶ ነበር።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን በመንገድ ላይ የተጨመረው ነው። ከሰን ደንበኞች መካከል የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ይገኙበታል። በ1998 የተሻሻለ ሕግ ደግሞ እነዚህ መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት ቴክኖሎጂ አካል ጉዳተኞችም የሚጠቀሙበት እንዲሆን ያዛል፤ መመዘኛው ከ2001 አጋማሽ ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ማየት የተሳነው ሠራተኛ የማይጠቀምበትን ዴስክቶፕ ለመንግሥት መሸጥ አስቸጋሪ ሊሆን ነው። ስለዚህ ኩባንያው ለተደራሽነት ብቻ የሚሠራ ቡድን መደበ። ጽድቅ ነው ወይስ ንግድ ቢባል፣ ንግድም አለበት። ውጤቱ ለአያቶቻችን እስከደረሰ ድረስ እኔ በዚህ ቅር አይለኝም።

ሥራው ቀላል አልነበረም። ለኮምፒውተር ስክሪን ማለት የባለቀለም ነጥቦች ክምችት ነው፤ «አስቀምጥ» የሚለው ቁልፍ ለእኛ ቁልፍ ይሁን እንጂ ለማሽኑ ነጥብ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ፕሮግራም ከሚያሳየው ጎን ለጎን በሹክሹክታ እንዲናገር ማድረግ ነበረባቸው፤ «እኔ ቁልፍ ነኝ፣ ስሜ አስቀምጥ ይባላል፣ አሁን ልትጫነኝ ትችላለህ» እያለ። ስክሪን አንባቢ የሚባለው ፕሮግራም ይህን ሹክሹክታ ሰምቶ ጮክ ብሎ ይናገራል። ፕሮግራሙን የሠራው ሰው ለቁልፉ ስም መስጠት ከረሳ ማየት የተሳነው ተጠቃሚ የሚሰማው «ቁልፍ፣ ቁልፍ፣ ቁልፍ» ብቻ ነው። ስም የሌላቸው በሮች በተደረደሩበት ኮሪደር እንደመሄድ ማለት ነው። በ2002 የወጣው ግኖም 2 ይህን የሹክሹክታ ሥርዓት ይዞ መጣ።

ቀጥሎ በሰን ይሠራ የነበረ ማርክ ሙልካሂ የተባለ ዓይነ ስውር ፕሮግራመር ኦርካ የሚባለውን ስክሪን አንባቢ ወጠነ። ስሙ የሙያው ቀልድ ነው፤ ስክሪን አንባቢዎችን ከባሕር እንስሳት ጋር በተያያዘ ስም መጥራት የቆየ ልማድ ነው፣ ኦርካም የዶልፊን ዘመድ የሆነ ግዙፍ እንስሳ ነው። በ2006 ኦርካ የግኖም አካል ሆነ።

በ2010 ኦራክል ሰንን ገዛው፤ የተደራሽነት ሠራተኞችም ተቀነሱ። ኦርካ በገንዘብ የሚሸጥ ዝግ ዕቃ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እዚያው ላይ ያበቃለት ነበር። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ግን ጆአንማሪ ዲግስ ተረክባው ሥራው ቀጠለ። ዛሬ ሶላሪስን የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ኦርካ ግን በየሊኑክሱ ላይ ይናገራል። ከቤቱ ይልቅ ጓዙ ዕድሜ አገኘ።

አማርኛስ? ግኖም የተሠራበት ጂቲኬ የተባለው የመሣሪያ ስብስብ በሁለተኛው ትውልዱ የአማርኛና የትግርኛ መጻፊያ ዘዴ አብሮት ነበር። ለንባብ ደግሞ ኦርካ ድምፅ የሚዋስበት ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከሚናገራቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ብዙ አትጠብቁ፤ ድምፁ የማሽን ድምፅ ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይም የበዓሉን «ገና» እና «ገና አልመጣም» የምንልበትን «ገና» ቢያምታታ አትፍረዱበት። አያት በሁለተኛው ቀን እየሳቁ ማረም ይጀምራሉ።

ከሁሉ በፊት ግን ወደ ዓይን ክሊኒክ ውሰዷቸው። በሀገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው ምክንያት የዓይን ሞራ ነው፤ ሞራ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። «እርጅና ነው» ብሎ ቤት ማስቀመጥ ትልቅ በደል ነው።

ከዚያ በኋላ ኡቡንቱን የመሰለ ግኖም ያለበት ሊኑክስ በአሮጌው ላፕቶፕ ላይ ጫኑ፤ ዋጋው ነፃ ነው። ትንሽ ማየት ለሚችሉት ከማስተካከያው ውስጥ ተደራሽነት የሚለውን ክፍል ከፍቶ ፊደሉን ማተለቅ ይበቃል። ጭራሽ ለማይታያቸው ማውሱን አስቀምጡትና በታብ ቁልፍ ከቦታ ወደ ቦታ መሄድን አስተምሯቸው፤ በሳምንት አንድ ቁልፍ ብቻ፣ አስተማሪውም ታጋሹ የልጅ ልጅ ይሁን። ስክሪን አንባቢው የሚነሳው ኦልትን፣ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍና ኤስን አንድ ላይ ሲጫኑ ነው፤ ደግመው ሲጫኑት ዝም ይላል። ኡቡንቱ ገና ሲጫንም እነዚሁ ሦስት ቁልፎች ስለሚሠሩ፣ ማየት የተሳነው ሰው ማንንም ሳይጠራ ራሱ ሊጭነው ይችላል።